አራተኛው እርምጃ

«እንግዲህ ተነሺና እጁን ጨብጪው» አሉ ጋሽ ገብሬ። «ስላወጣሽው ቃል ይቅርታ ጠይቂው፤ እርሱም ይቅር ይልሻል። ከዚያ በጸሎት እንዘጋለን።»

ማዕዶት አልተነሣችም።

ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሥር የናይሮቢ ኢስትሊ ገበያ እሑድ መሆኑን ረስቶ ይጮኻል። ልብስ ሻጮች በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፤ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች በጠባቡ መንገድ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠው ጡሩምባ ይነፋሉ። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን የእርሷን መነሣት ይጠብቃሉ። ፊት ለፊቷ አቤኔዘር በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ተቀምጦ ጕልበቱን ይመለከታል። ከጎኑ አባቱ አቶ ረታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የለበሱትን ካፖርት ሳያወልቁ፣ እንደ ከሳሽም እንደ ዳኛም ሆነው ተሰይመዋል። እናቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትከሻዋን በጣታቸው ጫን አደረጉት። ተነሺ ማለታቸው ነው።

ስድቡን አልካደችም። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ምእመናኑ ሻይ በሚጠጡበት ግቢ መካከል፣ መዘምራኑ ሁሉ እየሰሙ አቤኔዘርን «ሌባ» ብላዋለች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከወጣ ሽማግሌ ይገባበታል፤ ሥርዓቱ ነው። አባቷ አቶ አወቀ ለሥራ ወደ ሞያሌ ስለወጡ ጋሽ ገብሬ እስከ ቤታቸው ድረስ መጡ። የመጡት ግን ለቃሉ ነው። ቃሉን ምን እንደወለደው የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። የተዘረፈችው እርሷ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እርሷ።

ነገሩ የተጀመረው ጮሌ በሚባል የቼዝ ፕሮግራም ነው። ማዕዶትና አቤኔዘር በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መዘምራን ቡድን ያደጉ ናቸው። ለትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር በጋራ ሲመዘገቡ ሥራውን ተካፈሉ። ሰሌዳውን መሣል፣ ቀለማቱን መምረጥ፣ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘልና ወታደሩ ወዴት እንደሚራመድ ለኮምፒዩተሩ ማስተማር የአቤኔዘር ድርሻ ሆነ። ማዕዶት ጭንቅላቱን ወሰደች። ከብዙ እርምጃዎች መካከል አንዱን የሚያስመርጠውን ክፍል ማለት ነው።

ሰው እንደሚገምተው ኮምፒዩተር ሁሉን አያይም። በአንድ ተራ ሠላሳ ያህል አማራጭ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ አማራጭ ባላጋራው ሠላሳ መልስ አለው፤ ለእያንዳንዱ መልስ ደግሞ ሌላ ሠላሳ። ዛፉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየሰፋ ይሄዳል። ጫፉ ድረስ ልይ የሚል ፕሮግራም አንዲት ወታደር ሳያንቀሳቅስ የባላጋራው ፀጉር ይሸብታል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ማቆምና በእጅ ያለውን መቍጠር ግድ ነው። ጥያቄው የት ላይ ይቁም የሚል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጮሌ ሁልጊዜ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ያቆም ነበር። የራሱን ያያል፣ የባላጋራውን ያያል፣ እንደገና የራሱን ያያል፤ ከዚያ ይቈጥራል። አንድ ቀን ማዕዶት ስትጫወተው ጤነኛ ፈረሱን በገዛ እጁ አምጥቶ ጣለላት። ለምን እንዳደረገው እስክትደርስበት ድረስ ሳምንት ሙሉ ተበሳጨች። ኋላ ገባት። ጮሌ ፈረሱን የሰጠው በሦስተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱ የባላጋራውን ግንብ ስትወስድ ስለታየው ነው። ግንቡ በአንዲት ወታደር የተጠበቀ መሆኑን፣ በአራተኛው እርምጃ ያቺ ወታደር ንግሥቱን እንደምትበላት አላየም፤ ከሦስት ወዲያ ለእርሱ ዓለም የለማ። ተራው ሲደርስ ቀርቦ ያይና ግንቡን ይተወዋል፤ ፈረሱ ግን አንዴ ሄዷል።

መድኀኒቱን ከብዙ ንባብ በኋላ አገኘችው። በውጊያ መካከል ምርኮ አይቈጠርም። አዲሱ ጮሌ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መበላላቱ ካልቆመ አያቆምም፤ ሰሌዳው ጸጥ እስኪል ድረስ ይቀጥልና ያኔ ብቻ ይቈጥራል። ከዚህም ሌላ ሰዓት ካለው አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ በየጊዜው ጠለቅ ይላል፤ ተስፋ ያለውን መንገድ አጥብቆ፣ ተስፋ የሌለውን ገረፍ አድርጎ ይመረምራል። ይህን ሁሉ የጻፈችው ማጠፊያው በላላ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መጽሐፍ ቅዱስ ማስደገፊያ ታደርግለት ነበር።

ዳኞች ወደ ትምህርት ቤታቸው በመጡበት ዕለት አዲሱ ጮሌ በፍላሽ ተጭኖ ኪሷ ውስጥ ነበር። በዚያው ዕለት ግን እናቷ በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ቀጠሮ ነበራቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስዋሂሊም እንግሊዝኛም አይናገሩም፤ ቀጠሮ ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። በዚህ ከተማ የስንት አበሻ ወላጅ ምላስ ልጁ ነው። ማዕዶት ቀኑን ሙሉ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ቃል ለሹሙ፣ የሹሙን ቃል ለእናቷ ስታቀብል ዋለች። የራሷን ቃል አቤኔዘር ዘንድ ትታው ነበር የሄደችው።

በማግሥቱ የኮምፒዩተር መምህርቷ ሚስ ናፉላ በኮሪደር አስቁማ አመሰገነቻት። ቀለማቱን አሳምራ መምረጧን ዳኞቹ ወደውታል አለቻት። አቤኔዘር የፍለጋውን ክፍል እንዴት እንደፈጠረው ሲያስረዳማ አንዱ ዳኛ ተነሥቶ እጁን ጨብጦታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን በከተማው መሃል በሚደረገው ፍጻሜ ላይ የሚቀርበው እርሱ ነው። ያሸነፈ በዌስትላንድስ በሚገኝ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ዓመት ይሠለጥናል፤ ቦታው አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ጭንቅላቱን ለሠራው።

ቀለማቱን። ማዕዶት ቃሉን ደጋግማ በአፏ ውስጥ አመላለሰችው።

ያን ዕለት አቤኔዘር ለሚስ ናፉላ ነገ እነግራታለሁ ብሎ ማለላት። በማግሥቱም ነገ አለ። እሑድ ሲደርስ አቶ ረታ የምስክርነት ሰዓት ላይ ወደ መድረኩ ወጥተው ድምፅ ማጉያውን ጨበጡ። እግዚአብሔር ለልጃቸው ጥበብን እንደሰጠው፣ ማሽን እንደ ሰው እንዲያስብ እንዳደረገ፣ ስደተኛ ናቸው ብለው የናቋቸውን ሁሉ እንዳሳፈረላቸው መሰከሩ። ጉባኤው አሜን አለ፤ እልልታው ጣሪያውን ነካ። ከማዕዶት ጎን ሆነው አጥብቀው እልል ካሉት አንዷ የገዛ እናቷ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ግቢው ውስጥ ያን ቃል የወረወረችው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ገብሬ ከመቀመጫዋ አለመነሣቷን አይተው፣ «ትዕቢት ነው የያዘሽ?»

አቶ ረታ ጕሮሯቸውን ጠረጉ። ልጃቸው ከልቡ ይቅር እንዳላት፣ ቂም በቤታቸው ወግ እንዳልሆነ ተናገሩ። ናይሮቢ ሲገቡ የእኅት ጥሩወርቅ ቤተሰብ መጀመሪያ ያረፈው ማን ቤት እንደነበረ ማንሣት እንደማይፈልጉም ገለጹ፤ አለመፈለጋቸውን ሲገልጹ አነሡት። እናቷ ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ማዕዶት የእናቷን ዐይን መሬት ላይ ስታይ ንዴቷ ቀለሙን ለወጠ፤ እስከዚያች ደቂቃ ቀይ ነበር፣ አሁን ነጭ ሆነ። በነጩ ንዴት ውስጥ ደግሞ አንድ ሐሳብ ቁልጭ ብሎ ታያት።

ትምህርት ቤቱ ያለው አሮጌው ጮሌ ነው፤ ሦስተኛው ላይ የሚያቆመው። አቤኔዘር ጉድለቱን አያውቅም፤ አዲሱን እንደጀመረች ቢሰማም አንድም ቀን አላየውም። እንግዲያው ምን አስቸገራት? ትነሣለች፣ እጁን ትጨብጣለች። ዓርብ ይመጣል። በዳኞችና በሕዝብ ፊት ጮሌ ፈረሱን አምጥቶ ይጥላል። አቤኔዘር ለምን እንደጣለው ይጠየቃል፤ የሚመልሰው አንዲት ቃል የለውም። የፊቱን መልክ ከወዲሁ አየችው። አቶ ረታ በካፖርታቸው ውስጥ ሲኮማተሩ አየች። ጣፋጭ ነበር። እግሯ ሊነሣ ተዘጋጀ።

መጨበጥ፣ ዓርብ፣ ውርደት። እዚያ ላይ ቈጥራ ልታቆም ነበር።

ከዚያስ? ዳኛው ይህን ፕሮግራም ማን ነው የሠራው ብሎ ይጠይቃል። አቤኔዘር ያኔ በደስታ ጣቱን ወደ እርሷ ይቀስራል፤ ጭንቅላቱን የሠራችው እርሷ ናት ይላል፤ እውነትም ይሆናል። በሰው ሁሉ ፊት የወደቀው የእርሷ ጮሌ ነው። አዲሱን አውጥታ እኔ ይህን ሠርቼ ነበር ብትል ማን ይሰማታል? እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ይሏታል እንጂ። የሰጠችው ፈረስ አይመለስም።

ማዕዶት ተነሣች። ወደ አቤኔዘር ግን አልሄደችም። ከመደርደሪያው ላይ ላፕቶፑን አውርዳ በጋሽ ገብሬ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ባልተነካው የሻይ ትሪ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ቼዝ እንደሚያውቁ አባቴ ነግሮኛል።»

«በመምህራን ክበብ እንጫወት ነበር» አሉ ጋሽ ገብሬ ቅንድባቸውን ሰብስበው። «ይህ ግን የጨዋታ ሰዓት አይደለም።»

«የጠራሁትን ቃል ለምን እንደጠራሁት ሊሰሙኝ አልመጡም። እንግዲያው ይዩት። ከዚያ ተነሺ ካሉኝ እነሣለሁ።»

እናቷ ስሟን በሹክሹክታ ጠሩ፤ ማዕዶት ስሟን በዚያ ድምፅ ስትሰማ ዝም ማለት ልማዷ ነበር። አሁን አላለችም። አስቀምጣው የነበረውን የጨዋታ አቀማመጥ ከፍታ አሮጌውን ጮሌ አስነሣችው። ጮሌ ጥቂት አሰበና ፈረሱን ወደ ፊት ወርውሮ አንዲት ወታደር በላ። ፈረሱ እዚያው ያለ ጠባቂ ቀረ።

«ተራው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አጠለቁ። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ተመልሰው ቀና አሉ። ነጻ ፈረስ አይታለፍም አሉና እንድትወስድላቸው በጣታቸው አመለከቱ። ወሰደችላቸው። ጮሌ እንደገና አሰበ። አሁን ቀርቦ ሲያየው ግንቡ የተጠበቀ ሆኖ አገኘው፤ ንግሥቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ አንዲት የማትረባ እርምጃ ተራመደ።

«ታዲያ ፈረሱን ለምን ጣለው?» አሉ ጋሽ ገብሬ። ለአፍታ የመጡበትን ጉዳይ ረስተው ነበር።

«አቤኔዘርን ይጠይቁት። የሠራው እርሱ ነው፤ በመድረክ ተመስክሮለታል።»

ሁሉም ወደ አቤኔዘር ዞሩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስት እርምጃ ነው የሚያየው አለ፤ ብዙ ካየ ይዘገያል አለ። ይህን ከማዕዶት የሰማው ነው። ለምን ፈረሱን ጣለ ለሚለው ግን ሰሌዳውን ደጋግሞ ከማየት በቀር ምንም አልነበረውም። በሰሌዳው ላይ ያለው ቡናማና ቢጫ ቀለም የራሱ ምርጫ ነበር፤ ውብ ነበር።

«በሦስተኛው እርምጃ ግንቡን ሲይዝ ታይቶት ነው» አለች ማዕዶት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «አራተኛው ላይ ንግሥቱን እንደሚያጣ አላየም። ዕውር ሆኖ አይደለም፣ ጋሼ። ገና ጸጥ ያላለ ነገር ላይ ማየቱን ስላቆመ ነው። እናንተም ዛሬ ያቆማችሁት እዚያው ላይ ነው። ስድቡን አያችሁ፣ እጅ መጨባበጡን አያችሁ፣ ጸሎቱን አያችሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ዓርብ ምን እንደምሆን ያየ የለም።»

«እስከዚህ ድረስ» አሉ አቶ ረታ ከመቀመጫቸው እየተነሡ። «ሽማግሌ ታስተምራለች እንግዲህ። ልጄ እንዲህ አላደረገም። ንገራት እንጂ አንተ።»

አቤኔዘር አልነገራትም። አባቱን ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ አንገቱን ደፋ። አቶ ረታ እጃቸው የካፖርታቸው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ።

ጋሽ ገብሬ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አውልቀው ወደ ማኅደሩ መለሱ። ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ማዕዶትንም ጭምር እንደሚመለከት ከፊታቸው ይነበባል።

«ንግግርሽ ለከት የለውም» አሏት። «ስለ እርሱ ራሱን ችሎ እንነጋገራለን። ነገሩ ግን አላለቀም። ያላለቀ ነገር ላይ እኔ ጸሎት አላደርግም።»

ሽማግሌ ገብቶበት ያለ ጸሎት የተነሣ ጉባኤ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማንንም ሳያዩ ትሪውን አነሡ፤ ሰማዩ ጠቁሯልና ከጣሪያው ላይ ልብሱን አውርጂ ብለው ልጃቸውን አስወጧት።

ጣሪያው ላይ፣ በውኃ ታንከሮቹ መካከል በተወጠረው ገመድ ላይ አንሶላዎቹ በነፋስ ይገረፋሉ። የመጀመሪያውን ስታወርድ ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች።

«ማዲ፣ ስሚኝማ።»

«ስሜ ማዕዶት ነው።»

«እሺ፣ ማዕዶት። አስቤበት አይደለም፣ ሃኪ ያ ሙንጉ» አለ አቤኔዘር፤ እግዚአብሔርን ማለቱ ነው፣ በስዋሂሊ ሲምል ይቀልለዋል። «ዳኛው ይህን ክፍል ማን ሠራው አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ዛሬ የሌለች ልጅ ናት ብል የሚያባርሩን መሰለኝ። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«ለሁለታችን ብለህ ነው ቀለም ቀቢ ያደረግኸኝ?»

አቤኔዘር የውኃውን ታንከር በጥፍሩ ፋቀው። «ከዚያ አጨበጨቡልኝ» አለ በመጨረሻ። «ደስ አለኝ።»

ከሳምንት ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር። ማዕዶት ስትሰማው ንዴቷ እንዲበርድላት ጠበቀች፤ አልበረደላትም። ያጨበጨቡት ለእርሷ መሆን ነበረበት፤ ያን ሰዓት እርሷ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የእናቷን የልደት ዘመን ለሦስተኛ ጊዜ እየተረጐመች ነበር። አንሶላውን ከሚገባው በላይ አጥብቃ አጠፈችው።

«አዲሱን ስጪኝ» አለ አቤኔዘር ጠጋ ብሎ። «ዓርብ በእርሱ እንግባ። ካሸነፍን በኋላ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። ፕሮሚስ።»

ሳታስበው ሣቀች፤ ሣቋ ለራሷም ክፉ ሆኖ ተሰማት።

«ካሸነፍን በኋላ። አሁንም ሦስተኛው ላይ ቆምክ እኮ። ካሸነፍክ በኋላ እኔን ማን ያምነኛል?»

«ፖሌ ብያለሁ እኮ፣ ይቅርታ ብያለሁ። ቆይ፣ ብንናገር ሁለታችንንም ቢሰርዙንስ?»

ይህን ቅርንጫፍ እርሷም አይታዋለች። ደጋግማ አይታ መጨረሻውን ያላገኘችው መንገድ እርሱ ነበር። ዌስትላንድስ ያለው ቦታ፣ ዓርብ፣ ጮሌ፣ ሁሉም እዚያ መንገድ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ።

«ይሰርዙን» አለች።

«አባቴስ? ማይክ ይዞ መስክሯል። ጉባኤው አሜን ብሏል። ምን ልበለው? እግዚአብሔርን በውሸት ነው ያመሰገንከው ልበለው?»

ነፋሱ የአንሶላውን ጫፍ ከእጇ ነጠቃት፤ አቤኔዘር ጫፉን ያዘው። እንደ ወትሮው ሁለቱ ይዘው ቢያጥፉት ይቀልላቸው ነበር። ማዕዶት እጇን ዘርግታ መልሳ ወሰደችው።

«ነገ ጠዋት ደወሉ ሳይደወል ሚስ ናፉላ ቢሮ በር ላይ እሆናለሁ። አዲሱን ይዤ እመጣለሁ። የምትናገረው አንተ ነህ።»

«ካልመጣሁስ?»

«ብቻዬን እገባለሁ።»

ዝናቡ መጣል ሲጀምር የልብሱን ክምር ታቅፋ ወረደች። እናቷ በሩ ላይ ተቀበሏት። ስለ ጋሽ ገብሬ፣ ስለ ለከት የለሽ አነጋገሯ፣ አቶ ረታ በክፉ ቀን ስላስጠጓቸው አንድ በአንድ ገሠጿት፤ ከግሣጼው የቀረ አልነበረም። ማዕዶት ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የትምህርት ቤት ሸሚዟን ከክምሩ ውስጥ መዝዘው እርጥብ መሆኑን በጉንጫቸው ለኩ።

«እልልታውን ያልኩት ሳላውቅ ነው» አሉ ፊታቸውን ወደ ካውያው አዙረው። «ነገ ስትገቢ በስድብ እንዳትጀምሪ።»

ሰኞ ጠዋት የማታቱው ረዳት ስሙን የማታውቀውን ዘፈን እያፏጨ ትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አወረዳት። ግቢው ገና ጭር ያለ ነበር። ከሚስ ናፉላ ቢሮ ፊት ለፊት ያለው መቀመጫ ግንብ ከሌሊቱ ዝናብ አልደረቀምና ቆማ ጠበቀች። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በደረቷ ይዛዋለች። ንዴቷ አብሯት አድሮ አብሯት ተነሥቷል፤ ሲነጋ ይለቀኛል ብላ አስባ ነበር፣ አልለቀቃትም።

ተማሪዎች እየገቡ ግቢው ሞላ። አቤኔዘር ከመካከላቸው አልነበረም። ልትዞር ስትል ከዋናው በር ላይ አየችው። ብቻውን አልነበረም። አቶ ረታ ያንኑ ካፖርት ለብሰው ከጎኑ ቆመዋል፤ እጃቸው ልጃቸው ትከሻ ላይ አርፏል። ወደ ፊት ይግፉት ወይስ ወደ ኋላ ይያዙት፣ ከዚያ ርቀት አይለይም።

ማዕዶት የሚሆነውን ለማየት ሞከረች። ጥፋቱን ሊያምኑ መጥተው ይሆናል። ሊከሷት መጥተው ይሆናል። ሚስ ናፉላ ትቆጣ ይሆናል፤ ጮሌን ከውድድሩ ታወጣው ይሆናል፤ ወይም ሁለቱንም ጮሌዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ታጫውታቸው ይሆናል። አንዱም መንገድ እስከ መጨረሻው አልታያት አለ። አንዱም ላይ ገና ጸጥታ የለም።

ደወሉ ተደወለ።

አባትና ልጅ ከበሩ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ዝግ ባለ እርምጃ፣ ወደ ሚስ ናፉላ ቢሮ ይሁን ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገና ሳይለይ። ማዕዶት አልጠበቀቻቸውም። ዞራ በሩን አንኳኳች።

«ካሪቡ» አለች ሚስ ናፉላ ከውስጥ፤ ግቢ ማለቷ ነው።

ማዕዶት ገባች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስክሪኑ እንዳይወድቅ በእጇ ደገፈችው። በሩን ግን ከኋላዋ አልዘጋችውም።